ጅማ ላይ መተግበሪያ ለምትሠሩ ልጆቼ

«ጋሼ፣ ጅማ ተቀምጬ በሞባይል መተግበሪያ እንጀራ እበላለሁ?» ያላለኝ ተመራቂ የለም። ትበላላችሁ። «የመተግበሪያ መሐንዲስ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እስኪለጠፍ ከጠበቃችሁ ግን ፀጉራችሁ እንደ እኔ ይሸብታል። እንዲህ ያለው ቅጥር በአብዛኛው አዲስ አበባ፣ በየባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። እዚህ ሥራው ሌላ ስም ለብሶ ይመጣል።

ስሙ ብዙ ጊዜ ቡና ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግ መሠረት፣ ወደዚያ የሚላክ ቡና የበቀለበት ማሳ በኬክሮስና በኬንትሮስ መታወቅ አለበት፤ ከ4 ሔክታር በላይ ለሆነ ማሳ ደግሞ ዙሪያው ሁሉ ይለካል። ሕጉ የሚጀመርበት ቀን ቢራዘምም፣ መረጃውን ከጎማና ከማና ወረዳ ማሳዎች የሚሰበስበው ስልክ የያዘ ሰው ነው። ስልኩ ላይ ያለውን ነገር ጅማን የሚያውቅ ሰው ቢሠራው ምን ነበረበት?

እኔም ከዓመታት በፊት ለእሸት ቡና መረከቢያ አንድ መተግበሪያ ሠርቼ ነበር። ቢሮ ውስጥ ሲታይ ያምር ነበር። ኅዳር ላይ አጋሮ አቅራቢያ ወዳለ ማጠቢያ ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። አመሻሽ ላይ ገበሬው ጆንያውን ይዞ ተሰልፏል። መዝጋቢው ክብደቱን አስገብቶ ሲጫን ኔትወርክ የለም፤ ክቧ ብቻ ትሽከረከራለች። መዝጋቢው ሁለት ሰው እስኪያልፍ ታገሠ። ሦስተኛው ላይ ስልኩን ኪሱ ከተተና ከጆሮው እስክሪብቶ አውርዶ ደብተሩን ገለጠ። አንዲት ቃል አልተናገረኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በኋላ እንደ አዲስ ጻፍኩት። መዝገቡ መጀመሪያ እዚያው ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ኔትወርክ ሲመጣ ይላካል። እያንዳንዱ ርክክብ ከስልኩ የራሱን መለያ ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ አለበለዚያ ተቆራርጦ ሲላክ የአንድ ገበሬ 38 ኪሎ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ ያኔ ጠቡ ከእናንተ ጋር ነው። ጽሑፉንም ወደ አፋን ኦሮሞ መለስነው። ከመጀመሪያው እንዲያ መሆን ነበረበት፤ አፈርኩ።

መተግበሪያ ለመጻፊያ ኮትሊን ይሻላል ወይስ ፍላተር እያላችሁ ሌሊቱን አትጨርሱ፤ አንዱን ያዙ። ሐምሌ 2016 በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም የአንድሮይድ ትምህርት በነጻ አለ። ጎግል ፕሌይ ላይ ለመመዝገብ 25 ዶላር አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ አፕል ግን በየዓመቱ 99 ይጠይቃል። የዚህ አገር ሰው በእጁ የያዘው በአብዛኛው አንድሮይድ ስለሆነ የአፕሉን ለጊዜው እርሱት። ጎግል ፕሌይ ላይ አዲስ የግል አካውንት ከፍታችሁ ከሆነ ደግሞ መተግበሪያው ከመታተሙ በፊት 12 ሰዎች ለ14 ቀናት ሳያቋርጡ መሞከር አለባቸው። የመኝታ ክፍል ጓደኞቻችሁን አትመዝግቡ፤ እነርሱ ያመሰግኗችኋል እንጂ አይሞክሩትም።

ለውጭ ድርጅት በርቀት መሥራትም አለ። ውል ሳትፈርሙ ገንዘቡ በየትኛው ባንክ በኩል እንደሚገባ ጠይቁ፤ መብራት ሲጠፋ የምትሠሩበትንም ቦታ አስቀድማችሁ ፈልጉ።

ጥቅምት ላይ እሸት ሲለቀም አንድ ቀን ኮምፒውተራችሁን ትታችሁ ማጠቢያ ጣቢያ ሂዱ። መዝጋቢውን ሻይ ጋብዙና ደብተሩን እንዲያሳያችሁ ለምኑት። የትኛው ዓምድ ላይ ደጋግሞ እንደሚሰርዝ ተመልከቱ።