ዬይዳ ላይ ክፍል ከመከራየትሽ በፊት

እህቴ፣ «ለማስተርስ ስፔን፣ ካታሎኒያ ውስጥ ያለችው ዬይዳ ደርሳኛለች፤ ከተማዋ ምን ትመስላለች? ርካሽ ክፍልስ ይገኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አምስት ዓመት ኖሬባታለሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ስለ ቪዛው ሌሎች ነግረውሻል፤ እኔ ያቃጠለኝን ልንገርሽ።

1. ርካሽ ክፍል ይገኛል፤ እኔን ያስበላኝም እሱ ነው። ከሴግሬ ወንዝ ማዶ በወር 220 ዩሮ አገኘሁና የሁለት ወር በቅድሚያ ከፈልኩ። (ያ ወንዝ ከድሮም ለእንግዳ አይመችም። የሮማው ዩልዮስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ49 እዚሁ ሲዋጋ ሞልቶ ድልድዮቹን ወስዶበት ሠራዊቱ ተርቦ ነበር።) አከራዩ ቁልፉን ካስረከበኝ በኋላ «በዚህ አድራሻ መመዝገብ ግን አይቻልም» አለኝ። ምን ቸገረኝ ብዬ ገባሁ። «ፓድሮን» የሚሉት ይህ የነዋሪነት ምዝገባ እንደ እኛ የቀበሌ መታወቂያ ማለት ነው። የጤና ካርድ ስጠይቅ ፓድሮን፣ ለመኖሪያ ፈቃድ አሻራ ልሰጥ ስሄድ ፓድሮን። አራት ወር በከንቱ አለቀ።

2. ወደ መሥሪያ ቤት ስትሄጂ ቢያንስ ሰላምታውን በአገሬው ቋንቋ፣ በካታላን ያዢ። ስሙን በማልጠራው አንድ ቢሮ፣ ሴትዮዋ ወረቀቶቼን ሳታነባቸው በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ መለሰችልኝ። በስፓኒሽ ብጠይቃት በካታላን መለሰች። የገባኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ዴማ»፣ ነገ ማለት ነው። በማግስቱ ሄድኩ፤ አሁንም ዴማ።

የዚያን ዕለት ስወጣ የታኅሣሥ ጭጋግ ከተማዋን ውጧታል። የዬይዳን ጭጋግ ማንም አልነገረኝም ነበር፤ አንዳንዴ ለሳምንታት ፀሐይ አታይም፣ የመኪናው መብራት በቀትር እንደበራ ነው። የምሄድበት ስላልነበረኝ ኮረብታው ላይ ወዳለው አሮጌው ካቴድራል፣ ወደ ሴው ቬያ ወጣሁ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1203 ተጀምሮ በ1278 የተቀደሰ ነው። በ1707፣ በስፔን የዙፋን ወራሽነት ጦርነት ከተማዋ ለንጉሥ ፊሊጶስ 5ኛ ጦር ስትወድቅ ግን ወታደር ቤት አደረጉት። እስከ 1948! ቤተ መቅደሱን በወለል ከፍለው ፎቅ ሠርተው ወታደር አስተኙበት። እንደኔ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማ እያወለቀ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ሆዱ ይላወሳል። ሕዝቡም ከታች ሌላ ካቴድራል ለመሥራት ተገደደ።

ዩኒቨርሲቲሽም የዚያው ቅጣት ቀማሽ ነው። ንጉሥ ሃይሜ 2ኛ በ1300 ያቋቋሙት ነበር፤ ፊሊጶስ በ1717 ዘግቶ ትምህርቱን ሴርቬራ ወደምትባል ከተማ ወሰደው። ዬይዳ የራሷን ዩኒቨርሲቲ መልሳ ያገኘችው በ1991 ነው። ካታላንንም ከመንግሥት ሥራ ያስወጣው ያው ፊሊጶስ ነው። ለምን በካታላን እንደሚመልሱ ያኔ ገባኝ። ሴትዮዋን ይቅር አልኳት ማለት ግን አይደለም።

የካታላን ጀማሪ ኮርስ ተመዘገብኩ፤ በወር 300 ዩሮ የምታከራይ፣ ለምዝገባው የምትፈርም አሮጊትም አገኘሁ። ወደዚያው መስኮት ተመልሼ «ቦን ዲያ» ብዬ ጉዳዬን በካታላን አስረዳሁ። ሴትዮዋ ፊቷን አልፈታችም፤ ወረቀቱ ግን በአሥር ደቂቃ ወጣ! እስከ ዛሬ በፕላስቲክ አስቀምጬዋለሁ። የመጀመሪያው ቤት ቅድሚያ ክፍያ ግን እንደወጣ ቀረ።

3. ከሰኔ እስከ መስከረም ዕንቁ ፒርና ኮክ ለመልቀም ብዙ ሠራተኛ፣ አብዛኛውም አፍሪካዊ፣ ይመጣል። ክፍል የሚያከራያቸው አጥተው ደጅ የሚያድሩ አሉ። በስልክ «ክፍሉ አለ» ተብለሽ ስትደርሺ «ተይዟል» ብትባዪ አትገረሚ፤ እኔም ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል።

ስለ ምግቡ አልጠየቅሽም፣ ግን ተዘጋጂ። አሮጊቷ በግንቦት፣ ከ1980 ጀምሮ ወንዙ ዳር በሚደረገው የቀንድ አውጣ በዓል፣ በቆርቆሮ ትሪ ከነቅርፊቱ የተጠበሰ ቀንድ አውጣ አቀረበችልኝ። ጾም ነው ብዬ እንዳላመልጥ በዓለ ሃምሳ ነው። ቲማቲም የታሸበት ዳቦ ሦስት ቁራሽ በልቼ ጠገብኩ አልኩ። እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ክፍል ስታገኚ ገንዘብ ከመላክሽ በፊት የውሉን ፎቶ ላኪልኝ፤ «መመዝገብ ይቻላል» የሚለውን አብረን እንፈልገዋለን።