የላብሳ ምትክ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ላብሳና ቴክሳፖን የሚባሉትን የፋብሪካ አረፋ ሰጪ ኬሚካሎች ትቼ በእርሻ ተረፈ ምርት ፈሳሽ ሳሙና መሥራት እችላለሁ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ፒያሳ አካባቢ ላሉ ካፌዎች የዕቃ ሳሙና ማቅረብ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ይቻላል፣ ግን ሁሉንም ባንዴ አትተዪ።

እኔ የጀመርኩት በእንዶድ ነው። ተረፈ ምርት ባይሆንም አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባል ተክሉ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነውና መማሪያ ይሆናል። ደረቁን ፍሬ ወቅጬ ለብ ባለ ውኃ ዘፈዘፍኩት። ጀሪካኑን ወዝወዝ ሳደርገው አረፋው እስከ አፉ ሞላ። ደስ አለኝ! በአራተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት ግን የተበላሸ ጠላ ሸተተኝ። ከሳፖኒኑ ጋር የፍሬው ስኳርም ይወጣል፣ ለባክቴሪያ ድግስ ነው። ያለ ፕሪዘርቫቲቭ (ከመበላሸት የሚጠብቅ ማቆያ) አይቆይም። ስትወቅጪ አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ ብናኙ ክፉኛ ያስነጥሳል። እጣቢውንም ወንዝ ውስጥ አትድፊ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙት በዚሁ ሳፖኒን ምክንያት ነው። ዓሣም ይገድላል።

ከተረፈ ምርት ሳፖኒን ካልሽ የቃጫ ቅጠል አለልሽ። ከ100 ኪሎ ቅጠል ክሩ ከ5 ኪሎ ብዙም አያልፍም፣ የቀረው ጭማቂና ገለባ ይጣላል። ጭማቂው ሳፖኒን አለው። የአኩሪ አተር ዘይት ሲጣራ የሚወጣው ሌሲቲን ዘይትና ውኃ ያዋህዳል፣ ለክሬምና ለቸኮሌት ነፍስ ነው። አረፋ ግን አይጠበቅበትም። ሞላሰስን ለእርሾ መግቦ ሶፎሮሊፒድ የሚባል ማጽጃ ንጥረ ነገር ማምረትም አለ፣ እሱ የፋብሪካ ሥራ ነው።

ለአንቺ የምመክርሽ ግን ግሉኮሳይድ የሚባለውን አረፋ ሰጪ ነው። ከበቆሎ ስታርች ስኳርና ከኮኮናት ዘይት የሚሠራ ነው። የቴክሳፖኑን ሩብ ያህል በእሱ ተካሁት። አንድ ካፌ ውስጥ ሲኒ የምታጥብ ልጅ ጣቶቿ መጋጠሚያ ላይ ተሰነጣጥቀው ነበር። ከሳምንታት በኋላ እጇን ዘርግታ አሳየችኝ፣ ስንጥቁ ገጥሟል። ለእኔ ከትርፉ ይበልጣል።

ሁለት ነገር ያዢ። ግሉኮሳይድ እንደ ቴክሳፖን በጨው አይወፍርም። ጨው በጨመርሽ ቁጥር ውኃ ሆኖ ይቀራል፣ እኔ 20 ሊትር እንዲህ አበላሽቻለሁ። ዛንታን ጋም በሚባለው ማወፈሪያ ዱቄት አወፍሪው። ደግሞም ሲመጣ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው) 12 አካባቢ፣ ማለትም ኃይለኛ አልካሊ ነውና ጓንት አድርጊ። ሲትሪክ አሲድ በውኃ በጥብጠሽ በትንሽ በትንሹ ጨምሪ፣ በፒኤች መለኪያ ወረቀት እየለካሽ 7 ሲደርስ አቁሚ።