የኦንጎታ ተረቶችን የት ላሳትም?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ወይጦ አካባቢ ከሽማግሌዎች የኦንጎታ ተረት ቀድቻለሁ፣ ተናጋሪው ጥቂት ስለሆነ ጆርናል የሚቀበለኝ አይመስለኝም፣ ምን ትሉኛላችሁ? (ከጂንካ)

መልስ፦ ኧረ ይፈልጉታል ወንድሜ! ኦንጎታ እኮ ምሁራንን ያጨቃጨቀ ቋንቋ ነው፣ የቋንቋ ተመራማሪው ፍሌሚንግ ራሱን የቻለ የአፍሮኤስያ (እነ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ያሉበት ትልቅ የቋንቋ ቤተሰብ) ቅርንጫፍ ነው ይላል፣ ሳቫ እና ቶስኮ የሚባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ የለም፣ እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ካለው የኩሽ ቅርንጫፍ ነው ባይ ናቸው፣ እነሱው በ2000 በፈረንጆቹ አጠር ያለ ሰዋስው አውጥተውለታል፣ ህዝቡ ግን ወደ ጎረቤቶቹ የጸማይ ሰዎች ቋንቋ ስለዞረ አሁን እንዳንተ ዓይነት ቅጂ በቀላሉ አይገኝም። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲውን ላንጉጅ ዶክዩመንቴሽን ኤንድ ኮንሰርቬሽን የሚባል ጆርናል እየው፣ ከ2007 ጀምሮ የሚወጣ ነው፣ ለማንበብም ነፃ ነው። ጥሬውን ተረት ብቻ እንዳትልክ ግን፣ በየአረፍተ ነገሩ ስር የቃል በቃል ፍቺና ትርጉም አስገባ፣ ድምፁን ለአርካይቭ (ቅጂ ለሚያስቀምጥ ተቋም) ስጥ፣ ሽማግሌዎቹንም አስፈቅድ። «ብር ክፈል በሳምንት እናወጣልሃለን» የሚል የአጭበርባሪ ጆርናል ኢሜይል ከመጣልህ ወዲያው ዴሊት!