ኳስ ተጫውቶ ሲገባ ተረከዙን ያመዋል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ኳስ ሲባል ነፍሱ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ተጫውቶ ሲገባ «ተረከዜን አመመኝ» ይላል። ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ በጣቶቹ ጫፍ ነው የሚራመደው። አልወደቀም፣ እግሩም አላበጠም። አባቱ «ትምህርት ቤት ላለመሄድ ነው» ይላል። አያቱ ደግሞ ወጌሻ ጋ ውሰጂው ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጅዎ እያስመሰለ አይመስለኝም። ትምህርት ቤት መቅረት የፈለገ ልጅ ሆዴን ወይ ራሴን ይላል እንጂ ከሚወደው ኳስ የሚያስቀረውን ሰበብ አይፈጥርም። የጻፉልኝ ምልክት ከ8 እስከ 14 ዓመት ባሉ፣ ሩጫና ዝላይ በሚያበዙ ልጆች ላይ በብዛት የምናየው ነው። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ጄምስ ሴቨር እ.ኤ.አ. በ1912 ስለጻፈበት የሴቨር በሽታ ይባላል። «በሽታ» የሚለው ቃል ግን አያስደንግጥዎት።

የልጅ ተረከዝ ገና አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። ከኋላው በኩል ሌላ ትንሽ አጥንት አለች። ከዋናው ጋር የምትያያዘው ባልጠነከረ ለስላሳ አጥንት ነው። ከባት ወርዶ ተረከዝን የሚይዘው ወፍራም ጅማት ደግሞ የሚጎትተው እሷን ነው። ልጅ ድንገት ሲመዘዝ አጥንቱ ይቀድማል፣ ባቱና ጅማቱ ኋላ ቀርተው ይወጠራሉ። በዚያ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ጠጠር ሜዳ ላይ ወይም አስፋልት ላይ ኳስ ሲጨመርበት ቦታው ይቆጣል።

እቤት ሆነው አንድ ነገር ይሞክሩ። ልጁን ወንበር ላይ ያስቀምጡት። ተረከዙን ከግራና ከቀኝ በሁለት መዳፍዎ ይያዙና ቀስ ብለው ጨመቅ ያድርጉት። «ኧረ እማዬ!» ብሎ እግሩን ከሰበሰበ፣ ነገሩ ይኸው የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። ሁለቱንም እግር ይሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ያማል። ራጅ በአብዛኛው አያስፈልግም። እንዲያውም ያቺ ትንሽ አጥንት በጤነኛ ልጅም ራጅ ላይ የተሰነጣጠቀች መስላ ስለምትታይ ቤተሰብን በከንቱ ታስደነግጣለች።

የአያቱ ሐሳብ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ወጌሻ ጋ ግን አይውሰዱት። እዚህ የሚመለስ ወለምታ የለም። የተቆጣውን ቦታ ማሸትና መጎተት ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም።

ኳስ ጨርሶ አይከልክሉት፤ ይቀንስለት። በሳምንት አምስት ቀን የሚጫወት ከሆነ ለጊዜው ሁለት ቀን ይሁን። መለኪያው ቀላል ነው፦ ማነከስ ከጀመረ የዚያን ቀን ጨዋታ አበቃ። ትንሽ ተሰምቶት በማግስቱ ጠዋት ከተወው ችግር የለውም። ከጨዋታ በኋላ በረዶ በፎጣ ጠቅልለው ተረከዙ ላይ ለ15 ደቂቃ ይያዙለት። በረዶውን በቀጥታ ቆዳው ላይ አያድርጉት።

ጫማውን ገልብጠው ይዩት። ሶሉ አልቆ ወረቀት ከመሰለ ወይም ታኬታው ከኋላ ዝቅ ያለ ከሆነ ጅማቱ የባሰ ይወጠራል። ተረከዙ ሥር የሚገባ ለስለስ ያለ ማስደገፊያ ይግዙለት፣ በሁለቱም ጫማ ይግባ። እቤትም በባዶ እግሩ ሲሚንቶና ሴራሚክ ላይ አይሩጥ።

ሕመሙ ጋብ ሲል ባቱን ማሳሳብ ይጀምር። ግድግዳ ፊት ይቁም፣ የሚያመውን እግር ወደኋላ ያድርግ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ ተረከዙን ሳያነሳ ወደ ግድግዳው ዘንበል ይበል። ለ30 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ሕመሙ ከጠና ለጥቂት ቀን ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ መስጠት ይቻላል። አስፕሪን ለልጅ አይስጡ።

አብዛኞቹ ልጆች በጥቂት ሳምንታት ወይም በሁለት በሦስት ወር ይሻላቸዋል። እንደገና ሲመዘዝ ሊመለስበት ይችላል። በ15 ዓመቱ ገደማ ያቺ አጥንት ከዋናው ጋር ስትዋሐድ ግን ያበቃለታል፤ ጠባሳም አይተውም።

አንዳንድ ምልክት ግን ዝም አይባልም። ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ሕመም፣ ትኩሳት፣ ተረከዙ ማበጥና መቅላት፣ ከስቶ መታየት፣ ከከፍታ ዘሎ ወይም ወድቆ እግሩን መርገጥ አለመቻል፣ ያለ ጨዋታም የማይለቅ ሕመም፦ ከእነዚህ አንዱ ካለ ነገ ዛሬ ሳይሉ ሐኪም ያሳዩት።

ለአባቱም ይህን ያንብቡለት። ተረከዙን ጨመቅ ማድረጉንም እሱ ራሱ ይሞክረው፤ የልጁን ፊት ሲያይ ይገባዋል።