ጥቁር ቸኮሌት በጾም ይበላል? ለጭንቅላት ይጠቅማል ቢባልስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እናቴ 71 ዓመታቸው ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መርሳት ጀምረዋል። ምስር ይጥዱና ይረሱታል፤ አንዱን ነገር ሦስቴ ይጠይቁኛል። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ “ለጭንቅላት ጥሩ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ስጫቸው” ብሎ አንድ ካርቶን ጥቁር ቸኮሌት ላከ። እሳቸው ደግሞ ዐቢይ ጾምን የሚጾሙት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ማሸጊያው ላይ “ኮኮዋ በተር” የሚለውን ሳነብላቸው “ቅቤ አለበት! ወዲያ በይልኝ” አሉኝ። ይበላል ወይስ አይበላም? እንደ መድኃኒት ቆጥሬ ጠዋት ብሰጣቸው ጾም ማስገደፍ ይሆንብኛል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኅቴ። እናትሽን ይማርልን።

ከቅቤው ልጀምር፤ እሱ ቀላል ነው። “ኮኮዋ በተር” የላም ቅቤ አይደለም። ከካካዎ ፍሬ ተጨምቆ የሚወጣ ስብ ነው። እንደ ኑግ ዘይት ቁጠሪው። እኛ ቅቤ ሲባል የምናውቀው አንዱን ብቻ ስለሆነ በእናትሽ አልፈርድም። ካካዎ፣ የካካዎ ስብና ስኳር ብቻ ያለው ቸኮሌት የጾም ነው።

ግን ማሸጊያውን እስከ መጨረሻው አንብቢው። “ሚልክ ፋት”፣ “ዌይ”፣ “ላክቶስ” የሚል ካየሽ ወተት ገብቶበታል። ጥቁር መባሉ ብቻ ዋስትና አይሆንም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጥቁር ቸኮሌቶችን አስመርምሮ ነበር። ወተት እንዳለባቸው ካልተጻፈባቸው ውስጥ ከግማሽ በሚበልጡት ወተት ተገኘ። አንዱ ምክንያት በአንድ ማሽን የወተቱም ጥቁሩም መሠራቱ ነው። ከማሽን ስለተነካካው ብናኝ ግን ኅሊናሽን አታስጨንቂ። አንቺ የሚጠበቅብሽ ማንበብ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ይህ ጥያቄ ካንቺ በፊት አውሮፓን አከራክሯል ብልሽ ታምኛለሽ? በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቸኮሌት የሚጠጣ ነገር ነበር። የስፔንና የጣሊያን ካቶሊኮች “ጾም ያስገድፋል፣ አያስገድፍም” እያሉ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሱ። ካርዲናል ብራንካቺዮ በ1664 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የሚጠጣ ነገር ጾም አያፈርስም ከሚሉት ወገን ቆሙ። በእኛ ሥርዓት ይህ በር ዝግ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ውኃም አይቀምስም። ቸኮሌቱ ቢቆረጠምም ቢቀልጥም ያው ነው።

“መድኃኒት ከሆነስ?” ያልሽው ግን ሌላ ነገር ነው። ለታመመ ሰው ፍትሐ ነገሥታችንም ይራራል። ሐኪም ጠዋት ይዋጥ ብሎ ያዘዘውን ኪኒን እናትሽ ለንስሐ አባታቸው ነግረው ቢወስዱ ነውር የለበትም። እንግዲህ የሚቀረው ቸኮሌት መድኃኒት ነው ወይ የሚለው ነው።

ወሬው ከየት መጣ? ካካዎ ውስጥ ፍላቫኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። የደም ሥርን እያላሉ ደም ወደ አንጎል በደንብ እንዲደርስ ያግዛሉ የሚል ተስፋ ነው የተጣለባቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት 37 ሰዎችን ለሦስት ወር ተከታተለ። በቀን 900 ሚሊግራም ፍላቫኖል የወሰዱት በአንድ የማስታወስ ፈተና የተሻለ ሠሩ። ዓለም ሁሉ “ቸኮሌት አእምሮ ያድሳል” ብሎ አወራ። ከጥናቱ ወጪ ከፊሉን የሸፈነው ቸኮሌት አምራች መሆኑን ግን ያነሣ ጥቂት ነው።

ከዚያ ኮስሞስ የተባለው ትልቁ ጥናት መጣ። አሜሪካ ውስጥ ከ21,000 በላይ አረጋውያን ገቡበት። ቸኮሌት እንዳይመስልሽ የተሰጣቸው፤ በቀን 500 ሚሊግራም ፍላቫኖል ያለው እንክብል ነው። ከእነሱ 2,262ቱ ለሦስት ዓመት የአእምሮ ፈተና ሲፈተኑ ካካዎው ለውጥ አላመጣም። ሌላው ክፍል ከ3,500 በላይ ሰዎች ነበሩበት። እዚያም በጠቅላላው ሲታይ የረባ ነገር አልታየም። ማስታወስ የተሻሻለላቸው አመጋገባቸው ደካማ የነበረው ናቸው። ሱቅ የሚሸጠው ቸኮሌት ደግሞ ሲሠራ ብዙውን ፍላቫኖል ያጣል፤ በምትኩ ስኳር ይጨመርበታል።

ስለዚህ መልሴ አጭር ነው። መድኃኒት አይደለም። ለእሱ ብለሽ የጠዋቱን ጾም አታስገድፊያቸው።

አንድ ሰው “ዮናታንስ?” ሊለኝ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሳኦል ሕዝቡ እስከ ማታ እህል እንዳይቀምስ አምሎ ነበር። ዮናታን በበትሩ ጫፍ ማር አጥቅሶ ቀመሰ፣ ዓይኑም በራ (1ሳሙ 14፥27)። የሚጣፍጥ ነገር የደከመን ሰው እንደሚያነቃ መጽሐፉም አይክድም። ቸኮሌትም ትንሽ ካፌይን ስላለበት ትንሽ ያነቃል። ዮናታን ግን መሐላውን አልሰማም ነበር። እኛ ሰምተናል።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላስ? የስኳር በሽታ ከሌለባቸው አንዲት ቁራጭ ይብሉ። ካርቶኑን ሙሉ ግን አይሆንም። ዳንኤል በሦስቱ ሳምንት ጾሙ ሥጋና ጠጅ ብቻ አይደለም የተወው፤ “ማለፊያ እንጀራም አልበላሁም” ይላል (ዳን 10፥3)። ቸኮሌት ደግሞ ማለፊያ ካልሆነ ምን ማለፊያ አለ! ይህን ስል ራሴንም እየወቀስኩ ነው። የጾም ኬክ በተባለ ነገር ሆዴን የሞላሁባቸው ቀናት አሉ።

ከቸኮሌቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ምድጃው ላይ የተረሳው ምስር ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ሲረሳ “እርጅና ነው” ብለን እናልፋለን። አንዳንዱ መርሳት ግን የሚታከም ነው። ቪታሚን ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። እኛ በዓመት ብዙውን ቀን ከእነዚህ እንርቃለን። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ሆድ ከበላውም ቢሆን በደንብ አይወስደውም። ለስኳር ሜትፎርሚን የሚውጥ ሰው የበለጠ ያንሰዋል። ቢ12 ሲጎድል እግር ይደነዝዛል፣ ሰው ይደክማል፣ ይረሳል። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በመርፌ ወይም በኪኒን ይታከማል። የእንቅርት ዕጢ ሲዳከምም ሰው ሊረሳ ይችላል። ይህ ሁሉ ላይሆንም ይችላል። ግን ሳይመረመር አይታወቅም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። መርሳቱ የጀመረበትን ጊዜ፣ የሚውጡትን መድኃኒትና ጾማቸውን ሳትደብቂ ንገሪ። ሐኪሙ ጾሙን ቀንሱ ካለ እናትሽ እምቢ ማለታቸው አይቀርም፤ እንደነዚህ ያሉ እናቶችን አውቃቸዋለሁ። ያኔ አንቺ አትሟገቻቸው። የንስሐ አባታቸውን ቤት ጥሪ፣ የሐኪሙን ወረቀት አሳዪአቸው፤ እሳቸው ይፍቱላቸው። ከአባት አፍ ሲሰሙት ይቀላቸዋል።

እስከዚያው ምስር ሲጣድ አብረሻቸው ሁኚ። ወንድምሽንም ሁለተኛውን ካርቶን ከመላኩ በፊት ለምርመራው ገንዘብ እንዲልክ ንገሪው።