«ገጹ ስንት ነው?» ለወጣት የአውሮፕላን ቴክኒሻኖች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ገርጂ በተተከለው የእድር ድንኳን ውስጥ ከእናንተ አንዱ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሟቹ ወዳጄ ከጡረታ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ እየሰበሰበ ካስተማራቸው ወጣቶች መካከል እንደሆነ ነገረኝ። ድንኳኑን የሞላው የሙያችን ሰው ነበር፤ ጡረታ የወጡ ካፒቴኖች፣ የበረራ ተቆጣጣሪዎች፣ ሆስተሶች፣ የግምጃ ቤት ሠራተኞች፣ ከእኛ ጋር ስንቱን ሌሊት በሃንጋር ያነጉ መካኒኮች ሁሉ መጥተዋል። እያንዳንዱ ሰው ሟቹ አንድ ቀን እንዴት እንደተቆጣው፣ በምን ጉዳይ ፊት ለፊት እንደተናገረው እያነሣ ያለቅሳል። በሕይወት ሳለ አንደበቱን ይፈሩት የነበሩት ናቸው አብዝተው ያለቀሱት። ልጁ ይህን ሁሉ ሲያዳምጥ ቆይቶ ወደ እኔ ጠጋ አለና፣ «ጋሼ፣ ያን ሌሊት በጄኔሬተሩ ጩኸት ምክንያት ያልሰሙት ጓደኛው እርስዎ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩት። ልጁ ራሱን ነቀነቀና፣ «እኛን ሁልጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሬ ዝም ማለቴ ጥፋቴ ነው፤ እናንተ ሁለት ጊዜ ተናገሩ፤ በመጀመሪያው ላይሰሟችሁ ይችላሉ ይለን ነበር» አለኝ። የያዝኩትን ንፍሮ መዋጥ አቃተኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለልጁ የሰጠሁት መልስ እንደዚያው እንዳይቀር ነው።

ሟቹን በሃንጋር ውስጥ «ገጹ ስንት» እያልን እንጠራው ነበር። አንድ ሰው «ይህ ሥራ ሁልጊዜ የሚሠራው እንዲህ ነው» ባለ ቁጥር፣ ተናጋሪው አለቃም ይሁን ተለማማጅ፣ እሱ የጥገና ማኑዋሉን በብብቱ እንደያዘ «ገጹ ስንት ነው?» ይላል። ገጹን የሚያሳየው ሰው ካለ ያለ አንዳች ቅሬታ ይሠራል፤ ከሌለ ግን እጁን አጣጥፎ ይቆማል። ሁልጊዜ ትክክል ነበር ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ በክንፍ ላይ ስንጥቅ አየሁ ብሎ አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል አስቆመ፤ ተመርምሮ ሲታይ የቀለም ጭረት ሆኖ ተገኘ። በማግሥቱ እየዞረ ሁሉንም ይቅርታ ጠየቀ፤ በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ነገር አይቶ ሌላ አውሮፕላን አስቆመ።

በዚያን ጊዜ ሁለታችንም ወጣቶች ነበርን። እ.ኤ.አ. በ1984 አዲሱ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ፣ አንድም ቦታ ሳያርፍ 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በርሮ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኞች ጄት ያን ያህል ርቆ ሲበር የመጀመሪያው ስለነበር ደስታችን ወሰን አልነበረውም። እሱ በዚያ ደስታ መካከል ያነሣብን ግን ከአንድ ዓመት በፊት በአሜሪካ የደረሰውን ነገር ነው። ከማያሚ ወደ ናሳው የተነሣ የኢስተርን አየር መንገድ ትራይስታር፣ 172 ሰዎችን እንደጫነ፣ የሦስቱም ሞተሮቹ ዘይት ፈሰሰ። በሞተሩ ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ መኖር አለመኖሩን በማግኔት ይዞ የሚያሳየው መሰኪያ፣ እኛ ቺፕ ዲቴክተር የምንለው፣ በሦስቱም ሞተሮች ላይ ሲቀየር ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ኦሪንግ የምንለው፣ ሳይገባለት ቀርቶ ነበር። አንደኛው ሞተር ቀድሞ ተዘጋ፤ የቀሩት ጠቋሚዎችም ዘይት የለም ማለት ሲጀምሩ አብራሪዎቹ ሦስት ሞተር በአንድ ጊዜ እንዲህ ሊሆን አይችልም፣ የተሳሳተው ጠቋሚው ነው ብለው አሰቡ። በኋላ ሁለቱም ጠፉ። አውሮፕላኑ ያለ ሞተር ወደ ባሕሩ ሲወርድ ቀድሞ የተዘጋው ሞተር እንደገና ተነሣላቸውና በእሱ ብቻ ማያሚ ተመልሰው አረፉ፤ አንድም ሰው አልሞተም። ወዳጄ ይህን ሲተርክ መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «አንድ እጅ በአንድ ሌሊት ሁለት ሞተር አይንካ፤ ከነካም ሌላ ዓይን ይየው» ይላል። ዛሬ በሁለት ሞተር ረጅም ርቀት በሚበሩ አውሮፕላኖች ጥገና ላይ እንደ ደንብ የምትማሩት ይህንኑ ነው።

ከዓመታት በኋላ ሁለታችንም በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር፣ ስሙን በማልጠቅሰው አነስተኛ የጭነት አየር መንገድ ተቀጠርን። የሐምሌ ሌሊት ነበር፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኖም የኮንክሪቱ ሙቀት በጫማ ሶል ውስጥ ያልፋል። አውሮፕላኑ ባለ ሁለት ሞተር ነው፤ ሊነጋጋ ሲል መነሣት አለበት። የሁለቱም ሞተሮች ቺፕ ዲቴክተር እንዲታይ ታዝዞ ነበር፤ አንዱ ቴክኒሻን ታሞ ስለቀረ ሁለቱንም ያው አንድ ሰው ሠራቸው። እኔ ሁለተኛ ፈራሚ፣ የተሠራውን አይቶ በፊርማው የሚያረጋግጠው ሰው፣ ነበርኩ። ወዳጄ ተመድቦ የነበረው ጎማ ላይ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ መሣሪያውን ሲሰበስብ በጋሪው ላይ አንድ ነገር አየ። አዲስ ኦሪንግ፣ ከነፓኬቱ፣ ሳይከፈት ተቀምጧል። ከግምጃ ቤት የወጡት ሁለት ነበሩ፤ ከሁለቱ አንዱ ጋሪው ላይ ነው።

ፓኬቷን አነሣና «እስቲ ባትሪህን አብራልኝ» አለኝ። አበራሁለት። ከጣት ቀለበት ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ጎማ በላስቲክ ውስጥ ሆና፣ የዕቃ ቁጥሯ በነጭ ወረቀት ላይ ተጽፎባታል። ቁጥሩን በእኔ ባትሪ ብርሃን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ ከዚያ ወደ ፈረቃ አለቃው ዞሮ «ይህች ለምን ተረፈች?» አለ። አለቃው የግራው ሞተር አሮጌው ኦሪንግ ደህና ስለነበር እሱው ተመልሶ ገብቷል አለው። «አሮጌው ይመለስ የሚለው ገጹ ስንት ነው?» አለ ወዳጄ። አለቃው ሰዓቱን አሳየው። ወዳጄ ወደ እኔ ዞረና ለሁለተኛ ጊዜ፣ አሁን ስሜን ጠርቶ፣ «ሽፋኑ ይከፈት፣ ኦሪንጉ ይቀየር፣ ሞተሩም ተነሥቶ ይታይ፤ አትፈርም» አለኝ። ጄኔሬተሩ በእርግጥ ይጮኽ ነበር። እኔም እስክሪብቶዬን አውጥቼ ፈረምኩ።

አውሮፕላኑ ከተነሣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የግራው ሞተር ዘይት መቀነስ ጀመረ፤ ካፒቴኑ ሞተሩን ዘግቶ በአንዱ ተመለሰ። ማንም አልተጎዳም። ሽፋኑ ሲከፈት ዘይቱ እስከ ታች ወርዶ ነበር፤ አሮጌው ኦሪንግ ጠፍጥፎ ተሰንጥቋል። በሦስተኛው ቀን ለምርመራ ወደ አንድ ጠባብ ክፍል ጠሩን። አለቃው ያን ሌሊት ተቃውሞ ያነሣ ሰው የለም አለ። ወዳጄ «እኔ ተናግሬያለሁ፤ እሱን ጠይቁት» ብሎ ወደ እኔ አመለከተ። በዚያ አገር ያኔ የመኖሪያ ፈቃድህ ከአሠሪህ ጋር የታሰረ ነበር፤ ሥራ ካጣህ አገሩንም ታጣ ነበር። ሦስት ልጆቼ ትምህርት ቤት ነበሩ፤ አዲስ አበባ የጀመርኩት ቤት ጣሪያው ገና አልወጣም። «ጄኔሬተሩ ይጮኽ ስለነበር አልሰማሁም» አልኩ።

ወዳጄ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም፤ ግን አንድም ቃል አልጨመረም። በሁለት ወር ውስጥ «ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር የማይስማማ» ተብሎ ውሉ ሳይታደስ ቀረ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሻንጣውን ሳወርድለት «ልጆቹን ሳምልኝ» ብሎኝ ገባ።

አገር ቤት ከተመለስኩም በኋላ በየእንቁጣጣሹ ቀድሞ የሚደውለው እሱ ነበር። ያንን ሌሊት አንድም ቀን አላነሣብኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ጉዳዩ የቀረበ መሰለኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአየር መንገዳችን 737 ማክስ፣ የ302 በረራ፣ ተከስክሶ 157 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በቦይንግ ፋብሪካ ከፍተኛ ኃላፊ የነበረው ኤድ ፒርሰን ለአሜሪካ ምክር ቤት ምስክርነቱን ሰጠ፤ ከአደጋው በፊት በ2018 የ737 ምርት በጥድፊያ እየተሠራ ስለሆነ መስመሩ ለጊዜው እንዲቆም ለአለቆቹ ጽፎ ነበር። ያንን ምስክርነት አብረን ተመለከትነው። ወዳጄ ሲያበቃ «እሱስ ጽፏል፤ አጠገቡ የነበሩት ግን ምን አሉ?» ብሎ ቡናውን ጠጣ። እኔ ስለ ቡናው አወራሁ።

አሁን ስለ እናንተ። መሣሪያ ስለ መቁጠር፣ ደክሟችሁ ስላለመሥራት፣ ስለ መጠጥ አልጽፍላችሁም፤ ይህንማ ታውቁታላችሁ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከእናንተ ብዙዎቹ ብልሽት ስታዩ ለፈረቃ አለቃችሁ ከመንገራችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ለጓደኛ ትልካላችሁ። ለመቶ ሰው በስልክ የተናገረ ልጅ አጠገቡ ለቆመው አንድ ሰው መናገር ሲያቅተው አይቻለሁ። ፊት ለፊት መናገር ከእኛ ጋር ያለቀ ነገር ነው እል ነበር፤ ግን እኔ በእናንተ ዕድሜ ሳልሆን፣ የሃያ ዓመት ልምድ ይዤ ነው ዝም ያልኩት። ደግሞም እናንተ «አላውቅም፣ ልየው» ስትሉ አታፍሩም፤ ማኑዋሉም በታብሌታችሁ ላይ ወዲያው ይከፈታል። እኛ በዚያ ዕድሜያችን «አላውቅም» ከምንል ብንሞት እንመርጥ ነበር።

ሁለት ጊዜ ተናገሩ ያላችሁን ያዙ። በስፔኗ ደሴት በቴነሪፍ እ.ኤ.አ. በ1977፣ በጭጋግ ውስጥ፣ የኔዘርላንድስ አየር መንገድ የኬ.ኤል.ኤም. አውሮፕላን ለመነሣት ሲንደረደር፣ የበረራ ኢንጂነሩ ያኛው የፓን አሜሪካን አውሮፕላን ከመንደርደሪያው አልወጣም እንዴ ብሎ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ ወጥቷል ብሎ በእርግጠኝነት መለሰለት፤ ኢንጂነሩ ከዚያ በኋላ ዝም አለ፤ ሁለቱ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። እ.ኤ.አ. በ1993 በካናዳ ጎርደን ዱፖንት ጥገና ላይ ሰውን የሚያሳስቱ 12 ምክንያቶችን ለይቶ ሲያወጣ፣ አንዱ አድርጎ የጻፈው ደፍሮ አለመናገርን ነው። ኮርስ ላይ ስማቸውን በቃላችሁ የምትሉት እነዚያን ነው።

ለልጆቹ እንጀራ ሲል ዝም ያለን ሰው እንዳትፈርዱበት ልለምናችሁ አስቤ ነበር፤ ጀምሬ ሰረዝኩት። የእኔ ልጆች ዛሬ ያደጉት በዚያ ደመወዝ ነው፤ የእሱ ልጆችም አባታቸው ያለ ሥራ በተመለሰበት ዓመት ትምህርት ቤት ቀይረዋል። ሁለቱንም አውቃለሁ፤ አንዱ ሌላውን አያወራርደውም።

ወዳጄ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ተናገርኩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እያለ ያስተማራችሁ እኔን ለመሸፈን ነው። በድንኳን ውስጥ ከልጁ አፍ እስክሰማው ድረስ ይህን አላውቅም ነበር። ጥፋቴን ወስዶ የራሱ አድርጎ፣ ለእናንተም ትምህርት አድርጎ ሰጣችሁ።

የአርባው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሙያችን ሰው ሁሉ ቤቱ ይሰበሰባል፤ ባለቤቱና ልጆቹም ይኖራሉ። ያን ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ እዚህ የጻፍኩትን በቃሌ እናገራለሁ። ያን ሌሊት ሁለት ጊዜ ተናግሯል፤ ሁለቱንም ሰምቼዋለሁ።