የባሕር ሣር ጾም ያስገድፋል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሴኡል የምማር ተማሪ ነኝ። እዚህ የባሕር ሣር ከገበታ አይጠፋም። ከባሕር ስለወጣ እንደ ዓሣ ይቆጠራል? በልደቴ ቀን ያከራየችኝ እናት የባሕር ሣር ሾርባ ሠራችልኝ። ዐቢይ ጾም ነበር። ልጨርስ ስል ከሥሩ የሥጋ ቁራጭ አየሁ። በጣም ደነገጥኩ።

መልስ፦ እኅቴ፣ የባሕር ሣር አያስገድፍሽም። ሥጋ የለው፣ ደም የለው። እንደ ጎመን ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራ ነገር ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ የሚለው በውኃ ውስጥ ስለሚኖሩ እንስሳት ነው። ስለ ሣሩ አይደለም። ነቢዩ ዮናስም በጸሎቱ (ምዕራፍ 2) የባሕር ሣር ራሱን እንደጠመጠመው ይናገራል። በየዓመቱ በጾመ ነነዌ የምንሰማው ነው!

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አብሮት የሚገባው ላይ ነው። ያ ሾርባ፣ ሚዮክ ጉክ የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ በበሬ ሥጋ ይሠራል። እኛ አራስ በገንፎ እንደምንጠይቅ እነሱም ለአራስ የሚሰጡት እሱን ነው። ለልደትም ይሠራል። ሥጋ የማይታይበት ሾርባም ቢሆን መረቁ ከደረቀ ትንንሽ ዓሣ የተቀቀለ ሊሆን ይችላል። ኪምቺ (በቅመም የኮመጠጠው ጎመናቸው) እንኳ ብዙውን ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ጨው አለበት። ስለዚህ ሳታፍሪ ጠይቂ።

ቤትሽ ብትሠሪው ይሻላል። ሚዮክ ከሚሉት ከደረቀው የሾርባው የባሕር ሣር አንድ ጭብጥ ብቻ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አብጦ ሳሕኑን ይሞላል። ጨዉ እንዲወጣ እጠቢው፣ ከትፈሽ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት እንደ ጎመን አብስይው። ጊም የሚሉት እንደ ስስ ቅጠል የሆነው የባሕር ሣር ደግሞ በሰሊጥ ዘይትና በጨው የተጠበሰ ከሆነ ለጾም ይሆናል። ጄሊ ካማረሽ ጄላቲኑ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ስለሚወጣ ተዪው፤ ከባሕር ሣር በሚሠራው አጋር-አጋር አርጊው።

ግን በየቀኑ አታብዢው። በተለይ ዳሺማ የሚሉት ወፍራሙ የባሕር ሣር አዮዲኑ እጅግ ብዙ ነው። የእንቅርት ሕመም ካለብሽ መጀመሪያ ሐኪም አማክሪ።

ስለዚያ ሾርባ፣ ሳታውቂ ነውና ራስሽን አታስጨንቂ። ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ ንገሪያቸው፣ የሚሉሽን አድርጊ። ያቺን እናትም አመስግኛት። ስለ ጾማችንም አስረጂያት፤ በሚቀጥለው ዓመት ያለ ሥጋ ትሠራልሽ ይሆናል።